ሕዝብን ለማገልገል የሚመለሰው ወጣትና በመንደር የቆየው ወዳጁ

ክረምት ሲገባ ከየዩኒቨርሲቲውና ከየኮሌጁ የሚመለሱ ልጆቻችን በዲላ መናኸሪያ ከአውቶቡስ ይወርዳሉ። ከዚያም ከፊሎቹ ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ከፊሎቹ ወደ ቡሌ ደጋ፣ ሌሎቹም ወደ ኮቸሬና ወደ ገደብ ይበተናሉ። በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ከበው «ልጄ፣ ተምረህ ምን ልትሠራ አሰብህ?» ብለው ሲጠይቋቸው፣ ከሚሰጡት መልስ ሁሉ ደጋግመን የምንሰማው «ሕዝቤን ማገልገል እፈልጋለሁ» የሚለውን ነው። ይህን መልስ ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ሊለንም ይገባል። ይሁን እንጂ ካቴኪስቶቻችን ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ሲነጋገሩ አንድ ጥያቄ ሳይነሣ እንደማይቀር ስለምናውቅ፣ በዚህ ዕትም ጥያቄውን ጠለቅ ብለን ልንመለከተው ወደድን።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ወጣቱ ሊያገለግለው የሚመኘው ሕዝብ ብዙ ነው፣ ፊቱም አይታወቅም። ከዚያ ሕዝብ መካከል ግን አንድ ሰው አለ፤ አብሮት ከብት የጠበቀ፣ አብሮት ፊደል የቆጠረ፣ እርሱ ሲሄድ በመንደር የቆየ ጓደኛው። ሁሉን በእኩል ዓይን አይቶ ሊያገለግል የሚነሣ ሰው ለዚህ አንድ ወዳጁ የተለየ ዕዳ አለበትን? ዕዳ ካለበትስ፣ ያን ዕዳ ሲከፍል በሕዝቡ ላይ አያደላምን?

በመጀመሪያ የወጣቱን ምኞት በሚገባው ክብር ልናየው ይገባል። ሹመትን ሁሉ እንደ ርኩሰት፣ ፖለቲካን ሁሉ እንደ ተንኮል የሚቆጥር ምእመን በመካከላችን አይጠፋም። ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲህ አላስተማረችም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. ስለ ቤተ ክርስቲያን በዛሬው ዓለም ባወጣው ሰነድ (ቁጥር 75) ለሕዝብ አስተዳደር ተሰጥዎ ያላቸው ሁሉ ለዚህ አስቸጋሪና ክቡር ሥራ ራሳቸውን እንዲያዘጋጁ፣ የግል ጥቅማቸውንም ረስተው እንዲሠሩበት አደራ ብሏል። እርግጥ ነው፣ «ሕዝቤን ላገልግል» በሚለው ቃል ውስጥ የወር ደመወዝም፣ የጽሕፈት ቤት ወንበርም፣ አንዳንዴም የመንግሥት መኪና ተደባልቆ ይገኛል። ይህ ግን በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ዕጣ ነው፤ ስንዴው ከእንክርዳዱ ጋር አብሮ ይበቅላል፣ እኛም ገና በቡቃያው እንንቀለው አንልም።

ወደ ወዳጁ እንመለስ። የጌዴኦ ገበሬ ማሳ ጠባብ ነው፤ አካባቢው በአገራችን ገጠሮች መካከል ሕዝብ እጅግ ከሚበዛባቸው አንዱ ነው። በአንዲት ቁራሽ መሬት ላይ ዋርካውና ዋንዛው ከላይ፣ እንሰቱ ከመካከል፣ ቡናው ከሥር ተደራርበው ይበቅላሉ። ይህ ከአባቶች የወረደ የአያያዝ ጥበብ በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። እጅግ ደስ ብሎናል፤ ቅርስነቱ ግን ማሳውን አላሰፋውም። እንዲህ ካለው ማሳ ሁለት ልጆችን እስከ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ለብዙው ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ስለዚህ አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል። የሚቀረው ሁልጊዜ በትምህርት የደከመው አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚቀረው አባቱ የሞተበት፣ ወይም የበኩር ልጅ የሆነ፣ ወይም እናቱ የታመመችበት ነው።

የሄደው ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ቀይ እሸት ቡናውን ማን ለቀመው? ሽማግሌ አባቱ ሌሊት ሲታመም በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ማን አወጣው? ጎረቤት ነው፣ ዘመድ ነው፣ ከእነርሱም መካከል ያ የቀረው ወዳጅ አለ። ዲግሪው ላይ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፉ ብዙ እጆች ግን አሉበት። ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሳችን ግልጽ ነው፤ አዎን፣ ዕዳ አለበት። የሚያስቸግረው ዕዳው በምን ገንዘብ ይከፈላል የሚለው ነው።

ለዚህ መልስ ከመስጠታችን በፊት በአገራችን የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። የተማረ ወጣት ለሕዝብ አገልግሎት ወደ ገጠር መሄዱ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ትምህርቱን ከመጨረሱ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል ይላክ ነበር፤ አብዛኞቹም በአስተማሪነት ሠርተዋል። በእነዚያ ዓመታት ወደ ደቡብ የወረደ ተማሪ በመጽሐፍ ያነበበውን የጭሰኛ ኑሮ በዓይኑ አየ። በጌዴኦ ምድር በ1952 ዓ.ም. ገበሬዎች በሚቺሌ አካባቢ በባለ ርስቶች ላይ ተነሥተው ደም መፍሰሱ ገና ከሰው አእምሮ አልወጣም ነበር። ኋላም በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በአገሩ ሁሉ አሰማራ፤ በዚያው ዓመት የካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ማስተማሪያ ከሆኑት ዐሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ጌዴኦኛ ነበረ። ብዙ አረጋውያን ስማቸውን መጻፍ የተማሩት ከእነዚያ ወጣቶች ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ይሆናል።

ይኸው ትውልድ ግን ሌላም ነገር አሳየን። ሰፊውን ሕዝብ ከልቡ ይወድ ነበር፤ ለሕዝቡ ሲል እንቅልፉን፣ ትምህርቱን፣ በመጨረሻም ነፍሱን ሰጠ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. ግን በአንድ መኝታ ክፍል የኖሩ፣ ከአንድ ትሪ የበሉ፣ በአንድ ሰልፍ የጮኹ ጓደኛሞች በኢሕአፓና በመኢሶን ተከፍለው ደም ተቃቡ። አንዱ የሌላውን መደበቂያ እስከ መጠቆም የደረሰበት ጊዜ ነበር፤ ይህም ሁሉ የተደረገው በሕዝብ ስም ነው። የፖለቲካውን ክርክር፣ ማን ቀድሞ ተኮሰ የሚለውንም፣ ለታሪክ ጸሐፊዎች እንተወው። ለእኛ ጥያቄ የሚሆነው ይህ ነው፦ ሕዝብን ያን ያህል የወደደ ልብ ጓደኛውን እንዴት አሳልፎ ሊሰጥ ቻለ? እንደሚመስለን ሕዝብ የሚለው ቃል ፊት ስለሌለው ነው። ፊት የሌለው ነገር አይቃወምም፣ አይቆጣም፣ «ተሳስተሃል» አይልም። ጓደኛ ግን ይላል። ከሚቃወም ጓደኛ ይልቅ የማይቃወም ሕዝብ ሲወደድ ነገሩ የት እንደሚደርስ በአገራችን ታይቷል።

ይህ አደጋ በከሓድያን ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን የሁለት ቅዱሳን አባቶችን ታሪክ እንመልከት። የቂሣርያው ባስልዮስና የናዚያንዙ ጎርጎርዮስ ሁለቱም የቀጰዶቅያ ሰዎች ነበሩ። በአራተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አቴና ሄደው በአንድነት ተማሩ። ጎርጎርዮስ በኋላ እንደ ተረከው፣ በዚያች ተድላ በበዛባት ከተማ ሁለቱ የሚያውቁት ሁለት መንገድ ብቻ ነበረ፤ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ወደ መምህራኖቻቸው የሚወስደው። በሁለት አካል ያደረች አንዲት ነፍስ እስኪመስሉ ድረስ ተዋደዱ፤ ወደፊትም ሕይወታቸውን አብረው ለእግዚአብሔር ሊሰጡ ተስማሙ።

ባስልዮስ ቀድሞ ወደ አገሩ ተመለሰ። ልክ እንደ ዛሬው ተመራቂ በንግግር ችሎታው እጅግ ኮርቶ፣ የአገሩን ሹማምንት ሁሉ ንቆ ተመለሰ፤ ይህን የጻፈልን ታናሽ ወንድሙ ነው። ከዚህ ትዕቢት ያወጣችው ደግሞ ከቤት ያልወጣችው ታላቅ እኅቱ ማክሪና ናት። (የቀሩት የተማሩትን የሚያስተምሩበት ጊዜ እንዳለ ልብ ይሏል።) ከዚያ በኋላ ባስልዮስ ለሕዝብ ያደረገውን ሁላችንም እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ368 ዓ.ም. ገደማ በአገሩ ረኀብ በገባ ጊዜ የሀብታሞችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ ድሆችን መገበ፤ በ370 ዓ.ም. ጳጳስ ከሆነ በኋላም ከከተማው ወጣ ብሎ ለሕሙማን፣ ለእንግዶችና ለድሆች መጠለያ የሚሆን ታላቅ ስፍራ ሠራ። የሕዝብ አገልጋይ ማለት እርሱ ነበር።

ይህ ታላቅ የሕዝብ አገልጋይ ግን ወዳጁን በደለ። በ372 ዓ.ም. ገደማ ንጉሠ ነገሥቱ ቀጰዶቅያን ለሁለት ሲከፍላት የባስልዮስ የሥልጣን ክልል ጠበበ፣ ተቀናቃኝ ጳጳስም ተነሣበት። ባስልዮስም ክልሉን ለማስጠበቅ ሲል በየስፍራው አዳዲስ ጳጳሳትን ሾመ፤ ወዳጁን ጎርጎርዮስንም ሳሲማ በምትባል፣ መንገዶች በሚገናኙባት አቧራማ ቀበሌ ላይ ጳጳስ አደረገው። ጎርጎርዮስ ጸሎትንና ጽሕፈትን የሚወድ፣ ጠብን የሚፈራ ሰው ነበረ። ወዳጁ እንደ ወዳጅ ሳይሆን እንደ ድንበር ጠባቂ እንደቈጠረው ተሰማው። በሳሲማ አልተቀመጠም፤ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ የሕይወቱን ታሪክ በግጥም ሲጽፍ እንኳ ቁስሉ ገና አልዳነም ነበር።

ባስልዮስ ለምን እንዲህ አደረገ? ክፉ ሰው ስለ ነበረ አይደለም። የያዘው ጉዳይ ታላቅ ነበረ፤ የሃይማኖትን ነጻነት ከንጉሥ ጣልቃ ገብነት ለማዳን ይታገል ነበር። ለታላቅ ጉዳይ የሚታገል ሰው ግን በዙሪያው ያሉትን ሁሉ እንደ መሣሪያ ማየት ይቀልለዋል፤ ይልቁንም ወዳጁን፣ ወዳጅ አይከፋም፣ ይሸከማል ብሎ ስለሚተማመን። ለማያውቀው ሰው የማያደርገውን ለወዳጁ ያደርጋል። ከዩኒቨርሲቲ ተመልሶ በመጀመሪያው ሳምንት ለምርጫ ቅስቀሳ፣ ለስብሰባ አዳራሽ መሙያ፣ ለሰላማዊ ሰልፍ መሪነት የልጅነት ጓደኛውን የሚያሰልፍ ወጣት ይህን ታሪክ ቢያነብ መልካም ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ባስልዮስ በ379 ዓ.ም. ዐረፈ። ጎርጎርዮስ ከሦስት ዓመት በኋላ ቂሣርያ መጥቶ በሕዝቡ ፊት ታላቅ የመታሰቢያ ንግግር አደረገ። በዚያ ንግግር የአቴናን ዘመን በፍቅር ተረከ፣ የወዳጁን ሥራ አንድ በአንድ አነሣ፣ ለድሆች የሠራውንም ስፍራ እንደ ሌላ ከተማ አድርጎ አከበረ። የሳሲማንም ነገር አልሸሸገም፤ በዚያ ታላቅ ምስጋና መካከል ቅሬታውን ተናገረ። ከዚህ ታሪክ ሁሉ ለእኛ የሚደንቀን ይህ ነው። ወዳጅነቱ የጸናው በደሉ ስለ ተረሳ ወይም ስለ ተሸፋፈነ አይደለም፤ በደሉ ስሙ ተጠርቶ፣ ፍቅሩም ሳይቀነስ ነው። ዛሬ የላቲን ሥርዓት የምትከተለው ቤተ ክርስቲያን ሁለቱን ቅዱሳን እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን በአንድነት ታከብራቸዋለች።

ከአገራችንም አንድ ምሳሌ እንጨምር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በልጅነቱ ከአገር ወጥቶ በአውሮፓ ተምሮ የተመለሰ፣ ለመንግሥት ሥራና ለሕዝብ አስተዳደር መሻሻል የተቃጠለ ሰው ነበረ። ያሰበውን ሳይፈጽም በ1911 ዓ.ም. በጉልምስናው ሞተ። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም.፣ በወዳጁ በጳውሎስ መናመኖ ትጋት ነው። ደራሲውን ብዙዎች ያውቁታል፤ የወዳጁን ስም የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የአንዱ የአገልግሎት ምኞት ለሕዝብ የደረሰው በሌላው ታማኝነት መሆኑን ግን መጽሐፉ ራሱ ይመሰክራል።

አሁን ወደ ዕዳው አከፋፈል እንምጣ። ወጣቱ በወረዳ ወይም በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ወንበር አገኘ እንበል። ብዙም ሳይቆይ ወዳጁ ይመጣል። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ዘግይቶበት ይሆናል፤ ወይም ታናሽ ወንድሙ በወጣው የቅጥር ማስታወቂያ ተመዝግቦ ይሆናል፤ ወይም የማዳበሪያ ተራ ከመድረሱ በፊት ሊወስድ ፈልጎ ይሆናል። በቀጥታ ላይጠይቅ ይችላል፤ ስለ ልጅነታቸው እያወራ ይቆይና ሲነሣ «እንግዲህ አንተ እያለህ» ይላል። ይህን አንድ ቃል መመለስ ከባድ ነው። ደግሞም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት በአገራችን ከትምህርተ ክርስቶስ ይልቅ ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርቷልና፣ እንቢ ያለው ሰው የሚመሰገነው በጥቂቶች ነው።

ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ሁለት ነገር አስተምሯል፤ ሁለቱ ሲታዩ የሚጋጩ ይመስላሉ። በአንድ በኩል ፍቅር ሥርዓት አለው፣ ለእኛ ቅርብ የሆኑትን አብልጠን መውደዳችን ተገቢ ነው ይላል። በሌላ በኩል የጋራ የሆነውን ነገር ሲያካፍሉ ፊት አይቶ ማድላት ኃጢአት ነው ይላል፤ ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ በሁለተኛው ምዕራፍ ወርቅ ቀለበት ላለው ሰው የተለየ ወንበር የሚሰጡትን ገሥጿል። ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙት የሚሰጠው ነገር የማን ነው ብለን ስንጠይቅ ነው። ማኅተሙ የወጣቱ አይደለም። የሥራ መደቡ፣ የማዳበሪያው ተራ፣ በመዝገቡ ላይ ያለው ቅደም ተከተል የእርሱ አይደለም፤ በአደራ የያዘው የሌላ ሰው ንብረት ነው። የሌላውን ከብት አርዶ ወዳጁን የጋበዘ ሰው ለጋስ አይባልም። የእርሱ የሆነ ነገር ግን አለ፤ ከሥራ በኋላ ያለው ሰዓት፣ ደመወዙ፣ ቤቱ፣ ዕውቀቱ፣ እውነተኛ ቃሉ። ከእነዚህ ለወዳጁ አብልጦ ቢሰጥ ማንም አይበደልም። ማመልከቻ አጻጻፍ ሊያስረዳው፣ ልጁን ማታ ማታ ሊያስጠናለት፣ ታሞ ሲተኛ ከአልጋው አጠገብ ሊያድር ይችላል። የይዞታ ደብተሩ በምን ምክንያት እንደ ዘገየም ሊነግረው ይችላል፤ ይህን ግን ለሚጠይቀው ሁሉ እንደሚነግር አድርጎ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የሚሳሳቱም አሉ፤ ስለ እነርሱ ብዙ ጊዜ አይነገርም። አድሎአዊ እንዳልባል ብሎ ወዳጁን የሚሸሽ፣ በኮሪደር ሲያገኘው ዓይኑን የሚሰብር፣ ሰላምታውን በግማሽ አፉ የሚመልስ ሹም አይተናል። ወዳጁን በወረፋ ማስጠበቁ ትክክል ነው፤ በወረፋው ላይ ቆሞ ሳለ እንዳላየው ማለፉ ግን ፍትሕ አይደለም። ፍትሕ የሚባለው ወረፋው ነው፣ ፊትን ማዞሩ ግን ኩራት ወይም ፍርሃት ነው።

ወዳጁም የራሱ ግዴታ አለበት። ሮማዊው ሲሴሮ እ.ኤ.አ. በ44 ዓመተ ዓለም ስለ ወዳጅነት በጻፈው መጽሐፍ አንድ ታሪክ ይነግረናል። ጥብርዮስ ግራኩስ የተባለ ወጣት ባለሥልጣን ለድሆች መሬት ሊያከፋፍል ተነሥቶ በጠላቶቹ እጅ ተገደለ። ከሞቱ በኋላ ወዳጁ ብሎስዮስ ተይዞ ሲመረመር ለግራኩስ የማያደርገው ነገር እንዳልነበረ ተናገረ። መቅደሱን አቃጥል ቢልህስ ኖሮ? ተባለ። እርሱ እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አያዝዝም፤ ቢያዝዝ ግን አደርገው ነበር ብሎ መለሰ። ሲሴሮ ይህን አጥብቆ ይነቅፋል፤ የወዳጅነት ሕግ ነውር የሆነውን አለመለመን፣ ቢለመኑም አለማድረግ ነው ይላል። በእኛ አመለካከት የብሎስዮስ ትልቁ ጥፋት ታማኝነቱ አይደለም፤ ወዳጁ ሊሳሳት ይችላል ብሎ አለማሰቡ ነው። በወረዳው ሪፖርት የታደለው የቡና ችግኝ በሙሉ ጸድቋል ተብሎ ሲጻፍ፣ በማሳው የደረቀውን የሚያውቀው ያ በመንደር የቆየው ሰው ነው። የበታቹ ስለ ደመወዙ፣ የበላዩ ስለ ዕቅዱ፣ ባለጉዳዩም ስለ ጉዳዩ ሲል እውነቱን አለስልሶ ያቀርባል። «ወንድሜ፣ ይህ ውሸት ነው» ሊለው የሚችል ወዳጁ ብቻ ነው፤ ያም ወዳጅ ከእርሱ ምንም ያልለመነ እንደ ሆነ ነው። ለመለመን የመጣ ሰው እውነት ለመናገር አፉ ይያዛል።

እስከ አሁን ወዳጁን ከራሱ ወገን አድርገን ተናገርን። በጌዴኦ ምድር ግን ጥያቄው የሚከብደው ወዳጁ ከማዶ ሲሆን ነው። ጌዴኦና ጉጂ ኦሮሞ ለረጅም ዘመን በአንድ ገበያ ሲገናኙ፣ ከብትና ቅቤ ከቆጮና ከቡና ጋር ሲለዋወጡ፣ ሲጋቡ ኖረዋል፤ አፈ ታሪኩም የሁለቱን ሕዝቦች አባቶች ወንድማማቾች ያደርጋቸዋል። ጠብ በተነሣ ጊዜ ሽማግሌዎች ደም የሚያደርቁበት ጎንዶሮ የተባለ የዕርቅ ሥርዓት አላቸው። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ፣ ኋላም በክረምቱ መግቢያ፣ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች የሆነውን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን። የተፈናቃዩ ቁጥር በሁለቱም ወገን ተደምሮ ወደ አንድ ሚሊዮን ተጠጋ፤ እጅግ የሚበዛው በጌዴኦ በኩል ተጠለለ። ትምህርት ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና ያላለቁ ሕንፃዎች በዝናብ ወራት ሕፃናትና አራስ እናቶች ተሞሉ።

በእንዲህ ያለ ጊዜ «ሕዝቤን አገለግላለሁ» ያለ የተማረ ወጣት በሁለቱም በኩል ነበረ። ሕዝቤ ያለው ማንን ነው? የሕግ መምህሩ ለጌታችን ባልንጀራዬ ማን ነው ብሎ ያቀረበው ጥያቄ (ሉቃ. 10) በሌላ ቃል እንደ ገና መጣ። በዩኒቨርሲቲ ሳሉ በአንድ ክፍል ያደሩ የጌዴኦና የጉጂ ልጆች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ወጣቱ ለወገኑ ጩኸት ሲያሰማ ያ ወዳጁ ይሰማዋል። እርሱ ፊት ሊደግመው የሚያፍርበት ቃል ካለ ያ ቃል ለሕዝቡም አይጠቅምም፤ የተገደለበትን ሰው እንባ ያብስ ይሆናል እንጂ ነገ ወደ ማሳው የሚመልሰውን መንገድ አይከፍትለትም። ይህን ስንል የተበደለ ሰው በደሉን አይናገር ማለታችን አይደለም። ጎርጎርዮስ ሳሲማን አልሸሸገም። ወዳጁን ማጣት ያልፈለገ ሰው ግን በደሉን ሲናገር በደለኛውን ከነዘር ማንዘሩ አይረግምም፤ በስም የሚያውቀው አንድ ሰው ከዚያ ወገን አለና። ነፍሰ ኄር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. «ፍራቴሊ ቱቲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ማኅበራዊ ወዳጅነት ያሉትን እኛ በዚህ አካባቢ የምንረዳው እንዲህ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሊሠራበት የሚገባው የስልክ ቁጥር ነው፤ በክፉ ቀን ከማዶ ደውሎ «ደኅና ናችሁን?» የሚል ሰው ያለው ወጣት ከሽማግሌዎቹ ጋር ለዕርቅ ሊላክ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለው ግን የሚላከው ለሌላ ሥራ ነው።

በመጨረሻም ለካቴኪስቶቻችን አንድ ቃል አለን። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ያ በመንደር የቀረው ወዳጅ ራሳችሁ ናችሁ። ትምህርታችሁን በስምንተኛ ወይም በዐሥረኛ ክፍል አቋርጣችሁ፣ ከማሳ ሥራ በኋላ በየጸሎት ቤቱ ልጆችን ታስተምራላችሁ፤ ዛሬ ተመራቂ ሆኖ የሚመጣው ወጣት አቡነ ዘበሰማያትን የተማረው ከእናንተ አጠገብ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። በየክረምቱ በየቁምስናው በሚደረገው የተማሪዎች ስብሰባ ግን ንግግር የሚያደርጉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እናንተ ወንበር ትደረድራላችሁ፣ ሻይ ታቀርባላችሁ። ይህ ልማድ ሊለወጥ ይገባል ብለን እናምናለን። በመጪው ሐምሌ ስብሰባው ሲጠራ እያንዳንዱ ተማሪ በመንደር የቆየ አንድ ወዳጁን ይዞ እንዲመጣ ይነገረው። በመጀመሪያውም ቀን ተናጋሪዎቹ የቀሩት ይሁኑ፤ በዓመቱ ውስጥ በመንደሩ ምን እንደ ሆነ፣ የቡናው ዋጋ እንዴት እንደ ዋለ፣ ከማዶ ጎረቤቶች ጋር ያለው ነገር ምን እንደሚመስል፣ ከጽሕፈት ቤቶችም ምን እንደሚጠብቁ ይናገሩ። ተማሪዎቹ በሁለተኛው ቀን ይመልሱ። የስም ዝርዝሩንም ካቴኪስቶች ከቆሞሶቻቸው ጋር ተመካክረው ከሰኔ ወር በፊት ቢያዘጋጁት ከየሩቁ መንደር የሚመጡት ለጉዞ ይመቻቸዋል።